የህፃናት ሀኪም ለምን ይኮናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፣ ከባህርዳር

እነዚህን ጥያቄዎች የማልጠየቅበት ቦታ የለም። ኢንተርኖች (የመጨረሻ አመት የህክምና ተማሪዎች) ሌሊት ዲዩቲ ላይ ሻይ ስንጠጣ ይጠይቁኛል፣ አክስቶቼ ቡና ሲፈላ ይጠይቁኛል፣ አንዴ ደሞ ከአባይ ማዶ ስመለስ የባጃጁ ሹፌር ሀኪም መሆኔን ሲሰማ ዞር ብሎ "የልጅ ለቅሶ እንዴት ትችይዋለሽ?" አለኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው። ባህርዳር ተወልጄ ያደግኩ፣ እዚሁ የምሰራ የህፃናት ስፔሻሊስት ነኝ። የምፅፈው እኔና አብረውኝ የተማሩት ያየነውን ነው፣ ሌላ ሀኪም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ለምን ህፃናትን መረጥሽ?

ህፃን ሲድን በአይን ስለሚታይ።

ኢንተርን እያለሁ ነው፣ ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየሜዳው የተኛበት ጊዜ፣ ጣና ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል ወባ የሚነሳበት ሰሞን ነው። አንድ አራት አመት የሚሆነው ልጅ ከወደ ፎገራ በአባቱ ትከሻ መጣ። ያንቀጠቅጠዋል፣ አይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል፣ እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ድምፅ እንዳይወጣት እየታገለች ነው ምታለቅሰው። ደሙ ሲታይ ወባ ነው፣ ስኳሩ ሲለካ በጣም ወርዷል። ሬዚደንቷ (ስፔሻሊቲ የምትማረው ሀኪም) ቶሎ ግሉኮስ ሰጠችው፣ አርቴሱኔት በደም ስር ጀመረችለት፣ ይሄ መድሀኒት መጀመሪያ ይሰጣል ከዛ በ12 ሰአትና በ24 ሰአት ይደገማል፣ እና በነዛ ሰአታት መሀል አጠገቡ ሆኜ ትንፋሹን ስቆጥር ስኳሩን ስለካ ያደርኩት እኔ ነኝ። በነጋታው ረፋድ ላይ አይኑን ገለጠ። ወደ ማታ ደረቅ ባለ ድምፅ "እማ ዳቦ" አለ። እናቱ ተነስታ የምትይዘው ጠፍቷት የኔን ጋውን ያዘች።

አዋቂዎች ዋርድ ላይም ሰርቻለሁ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ብዙው ሰው ተሽሎት ይወጣል እንጂ በሽታውን እዛው ጥሎት አይሄድም። ያ ስራ ያንሳል ማለቴ አይደለም፣ በጣም ነው ማከብራቸው፣ እኔን ግን የያዘኝ የዛ ልጅ ዳቦ ነው። ህፃን ቶሎ ይወድቃል፣ ከደረስክለት ደሞ ቶሎ ይነሳል፣ ከፊቱ ስልሳ ሰባ አመት እድሜ አለ።

ልጅ የሚወድ ሰው ነው ሚመርጠው አይደል?

ልጅ የማይወድ ማን አለ? ግን የሚወዱትን ልጅ በመርፌ መውጋት፣ ሁለት ኪሎ በማይሞላ ጨቅላ እጅ ላይ እንደ ክር የቀጠነች ደም ስር መፈለግ፣ ሲያለቅስ እጅ ሳይንቀጠቀጥ መጨረስ ሌላ ነገር ነው። መውደዱ ያመጣሃል፣ የሚያቆይህ ግን ማየት መውደድ ነው፣ ማለትም ዝም ብሎ ህፃኑን ለረጅም ጊዜ መመልከት የማይሰለቸው ሰው ነው እዚህ ሙያ ላይ የሚቆየው።

አብረውኝ ሬዚደንሲ የነበሩትን ብቻ ላስታውስ። አንዷ ትንሽ ወንድሟን ኩፍኝ የወሰደባት ናት፣ ያኔ እሷ ስድስት አመቷ ነበር፣ ዛሬ እናቶችን የዘጠኝ ወሩንና የአስራ አምስት ወሩን ክትባት እንዳያሳልፉ ስትለምን ድምጿ ይቀየራል። ሌላው በአስተማሪው ምክንያት ነው የመጣው፣ አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ራውንድ (አልጋ ለአልጋ እየዞሩ በሽተኛ ማየት) ላይ ከረባታቸውን ወደ ሸሚዛቸው ከተው መሬት ላይ ቁጭ ብለው የምትፈራ ህፃንን ሲያዩ አይቶ እንደዚህ አይነት ሰው መሆን እፈልጋለሁ አለ፣ በቃ። ሌላው ደሞ ቁጥር ነው ያመጣው። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በህይወት ከተወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስት አመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት 67 ሆነ። ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞቹ፣ የወባ አጎበሩ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው። ግን ይሄ ጓደኛዬ የሚያየው ሌላውን ቁጥር ነው፣ ከነዛ 67 ውስጥ 29ኙ የሚሞቱት ገና በመጀመሪያው ወር ነው፣ ትልልቆቹ ላይ የመጣው ለውጥ ጨቅላዎቹ ጋ በዛው ፍጥነት አልደረሰም። "ስራው የቀረው እዚህ ጋ ነው" ብሎ ጨቅላ ህፃናት ላይ ሰብ ስፔሻላይዝ አደረገ።

የማይናገር በሽተኛ እንዴት ይታከማል?

ህፃን ይናገራል፣ በአፉ አይደለም እንጂ።

ትንፋሹን እንይ። ልብሱ ከደረቱ ይገለጣል፣ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ሳያለቅስ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60ና ከዛ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ አመት 50ና ከዛ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት አመት 40ና ከዛ በላይ ከመጣ ፈጣን ነው፣ ሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ስር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ደሞ በጣም እየታገለ ነው ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ መሳሪያ አያስፈልግም፣ ሰአትና ትእግስት ነው። የሚሮጠውን የሁለት አመት ልጅ ደሞ ከበሩ ነው መመርመር ምትጀምረው፣ እንዴት ይራመዳል፣ እናቱን እንዴት ይይዛታል፣ ብስኩቱን ይበላል ወይ፣ ከዛ ስቴቶስኮፑን መጀመሪያ እናቱ ላይ አርገህ ታሳየዋለህ፣ ከዛ እሱ ላይ፣ ጆሮና ጉሮሮ የመጨረሻ ነው ምክንያቱም ከዛ በኋላ ሰላም የለም።

ከዛ እናት አለች። "ጡት እምቢ አለኝ" ስትል እኔ ከወንበሬ እነሳለሁ፣ ለጨቅላ ከዚህ የባሰ ቃል የለም። "ልጄ ልጄን አልመስል አለኝ" የሚሉም አሉ፣ ላቦራቶሪው ንፁህ ነው ቢለኝ እንኳን እንደዚህ ያለችን እናት ወደ ቤቷ መላክ እየፈራሁ ነው የምኖረው፣ አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት ልክ ምትሆነው።

ህፃን ማለት ትንሽ ሰው አይደል እንዴ፣ የአዋቂውን መድሀኒት ከፍሎ መስጠት ነው እኮ?

አይደለም፣ እባካችሁ ቤት ውስጥም እንደዚህ አታርጉ። ህፃናት ላይ ሁሉ ነገር በኪሎ ነው የሚሰላው፣ እሱም ቢሆን ዝም ብሎ ወደታች የሚቀነስ አይደለም። ቅድም ያልኩት አርቴሱኔት ከ20 ኪሎ በታች ላለ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው፣ ከዛ በላይ ላለው 2.4 ነው፣ አያችሁ ለእያንዳንዱ ኪሎ ትንሹ ከትልቁ ይበልጥ ይወስዳል። ደም ደሞ እንዲህ አስቡት፣ የጨቅላ ደም በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ አንድ ኪሎ የምትመዝን ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። ለላቦራቶሪ በየቀኑ ስንቀዳ እያንዳንዷን ሚሊ የምንቆጥረው ለዚህ ነው።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ኢንተርን እያለሁ፣ ሆስፒታሉን ልተወውና፣ ሰላሳ ሰአት ያህል ሳልተኛ ቆይቼ ለአንድ ጨቅላ መድሀኒት ስፅፍ ነጥቧ አንድ ቦታ ተንሸራታ አስር እጥፍ ሆነ። ለብዙ አመት ጨቅላዎች ጋ የሰራች ነርስ ወረቀቱን ይዛ መጣችና "ዶክተር፣ ይቺን ነጥብ ድጋሚ እያት" አለችኝ፣ ሰው ፊት አይደለም፣ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ። መድሀኒቱ አልተሰጠም። ከዛን ቀን ጀምሮ የጨቅላ መድሀኒት ሁለት ሰው ሳያሰላው አላዝም፣ ተማሪዎቼንም እንደዛ ነው ማስተምረው። ፔዲን (የህፃናት ህክምናን) እንድመርጥ ካረጉኝ ሰዎች አንዷ ያቺ ነርስ ናት፣ እዚህ ዋርድ ውስጥ ሰው ለሰው እንዲህ ይጠነቀቃል ብዬ።

ልጅ ሲሞትስ?

ይሄን ሳልመልስ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጨቅላ ነበር፣ ከጣና ደሴቶች ካንዱ የመጣ፣ ቤት የተወለደ፣ እምብርቱ ቀልቶ መግል የያዘ። ጡት ካቆመ ሁለት ቀኑ ነው። ከሰአት በኋላ ሀይቁ ላይ ንፋሱ ስለሚነሳ ጀልባው እስኪነጋ ጠብቆ ነው ያመጣቸው። ኦክስጅን፣ አንቲባዮቲክ፣ ፈሳሽ፣ ሁሉንም አረግን፣ ሁለት ሰአት አልቆየም። እናትየዋ አላለቀሰችም። ካርዱን አየችና "ስሙን ምን ብላችሁ ፃፋችሁት?" አለችኝ። ካርዱ ላይ ያለው "ቤቢ ኦፍ" (የእከሊት ልጅ እንደማለት) ከዛ የሷ ስም ነው፣ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ አይደል፣ አርባ ቀን ያልደረሱትን ሁሉ እንደዚህ ነው ምንፅፋቸው። ምን ብዬ እመልስላት? አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ "ቤት ውስጥ ምን ትሉት ነበር?" ስላት ነገረችኝ፣ እኔም ከ"ቤቢ ኦፍ" ጎን ፃፍኩት። ከዛ በኋላ ነው እንባዋ የመጣው፣ የኔም።

አሁን እያንዳንዱ ጨቅላ ሲገባ ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ካርዱ ጥግ ላይ እፅፈዋለሁ።

እንዴት ትችሉታላችሁ ለሚለው፣ ሁሉም አይችለውም። አንድ ጎበዝ ጓደኛችን ሁለተኛ አመት ላይ ትቶ ወደ ራዲዮሎጂ ሄደ፣ ማናችንም አልፈረድንበትም። የቀረነው እናወራለን፣ ሌሊት ላይ የሞተውን ልጅ ጠዋት ሲኒየሩ ሳይቀር አንስቶ ያወራዋል፣ የት ጋ ዘገየን፣ ምን ይቻል ነበር። ዝም የሚል ሰው ነው የሚያሰጋኝ።

ሁሉም ፈልጎ ነው የገባው? በማቺንግ (በስፔሻሊቲ ምደባው) ሳይፈልግ የደረሰው የለም?

አለ፣ አልዋሽም። ሰርጀሪ (ቀዶ ህክምና) ወይ ጋይኒ (ማህፀንና ፅንስ) አንደኛ ምርጫ ሞልቶ ፔዲ የደረሰው ብዙ ሰው አውቃለሁ። አንዳንዱ ሶስቱንም አመት እያዘነ ይጨርሳል፣ አንዳንዱ በስድስት ወሩ አሁን ቀይሩኝ ብትለው እንኳን አይወጣም። ምን እንደሚለያቸው ሳስበው መጀመሪያ ላይ ያገኟቸው ሲኒየሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ፣ አዲስ ገቢን ራውንድ ላይ የሚያዋርድ ሲኒየር ከወባ በላይ ዋርዱን ይጎዳል።

ስንት አመት ይፈጃል?

ህክምናው ከኢንተርንሺፕ ጋር ወደ 7 አመት፣ ከዛ ጠቅላላ ሀኪም ሆኖ መስራት አለ፣ ከዛ የህፃናት ስፔሻሊቲው 3 አመት። ልብ፣ ጨቅላ፣ ካንሰር የመሳሰለውን ሰብ ስፔሻሊቲ የሚቀጥል ተጨማሪ ሁለት አመትና ከዛ በላይ። የህፃናት ቀዶ ህክምና ግን በሌላ መንገድ ነው የሚገባው፣ በሰርጀሪ በኩል፣ ብዙ ተማሪ ይሄን ይምታታበታል።

ገንዘቡስ?

ገንዘብ ፈልጎ ፔዲ የሚገባ ሰው ተሳስቷል። መንግስት ቤት ደሞዙ የማንም ስፔሻሊስት ደሞዝ ነው፣ የግል ክሊኒክ ላይ ግን ቀዶ ህክምና ያለባቸው ሙያዎች ይሻላሉ፣ እኛ ብዙው ስራችን መመልከት፣ መቁጠር፣ ከእናት ጋር ማውራት ነው፣ ለሱ ደሞ ማንም ብዙ አይከፍልም። የኑሮ ውድነቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው አለ፣ ይሄን አስልቶ ሌላ የመረጠን ሰው ልክ ነው እለዋለሁ።

አንድ አይነት ነገር አይሰለችም?

አንድ ጠዋት ላይ 900 ግራም የሆነ ጨቅላ ታያለህ፣ ከሰአት ደሞ ከአንተ የምትረዝም የአስራ ሶስት አመት ልጅ። ህፃናት ጋ ልብም አለ፣ ኩላሊትም አለ፣ ነርቭም አለ፣ ሁሉም አለ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ገና ሶስተኛ ክፍል እያለች ነው የመጣችው፣ ቶንሲል ተብሎ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ህመም ልቧን የነካባት፣ ሪውማቲክ የሚባለው። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ነው ምትወስደው፣ የሚያም መርፌ ነው፣ አንድም ቀን አላስቀረችም። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳለች። ወደ አዋቂ ክሊኒክ የማዛውርበት እድሜዋ አልፏል፣ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ማዛወሪያውን ገና አልፃፍኩትም።

ከቤተሰብ ጋር አትጣሉም? ቅቤ፣ እንጥል፣ የወተት ጥርስ...

ድሮ እጣላ ነበር። አዲስ በተወለደ ልጅ አፍ ቅቤ ማድረግ፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ጥርስ ሳያወጣ ድዱን ማስነቀል፣ እነዚህ ልጅ ሲገድሉ አይቻለሁ፣ ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ ቴታነስ። እና እቆጣ ነበር፣ ስቆጣ ግን አያትየዋ ትሰማኛለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ ቤቷ ሄዳ ያሰበችውን ታረጋለች።

አንድ ቀን ግን እማሆይ የሆኑ አያት ልጅ ይዘው መጡ፣ "እማሆይ፣ እርስዎ ስንት ወልደዋል?" አልኳቸው። "ዘጠኝ ወልጀ ስድስት አሳደኩ ልጄ" አሉ። ሶስቱስ? ስላቸው ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ አንዱን ተቅማጥ፣ አንዷን ኩፍኝ፣ አንዱ ደሞ "እንጥሉ ወርዶ ተቆርጦለት" አሉና ዝም አሉ። እኔ ምንም አልጨመርኩም። አሁን የምጀምረው ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ መጀመሪያ ያሳደጉትን እጠይቃለሁ፣ ከዛ ያጡትን።

ፀሀይ ላይ ግን አሁንም እከራከራለሁ። ልጅን ምች ይመታዋል፣ የሰው አይን ይበላዋል እየተባለ ቤት ውስጥ ተሸፍኖ ይከርማል፣ ከዛ እግሩ ጎብጦ፣ የእጁ መገጣጠሚያ ወፍሮ፣ አመት ከመንፈቅ ሆኖት ሳይቆም ይመጣል። ሪኬትስ ነው። አመቱን ሙሉ ፀሀይ በሚወጣበት ባህርዳር! ፊቱን፣ እጁንና እግሩን ገልጦ ጠዋት ደጅ ማውጣት ነው፣ በመስታወት ውስጥ የገባ ፀሀይ አይሰራም።

አዲስ አበባ ወይ ውጭ አገር ለምን አልሄድሽም?

የሄዱትን አልወቅስም። እኔ የቀረሁት በአንድ ሰው ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የፎገራ ገበሬ ነው፣ ሩዝና ሽንኩርት ያመርታል። ሚስቱ በቀዶ ወልዳ ራሷ በጠና ታማለች፣ ልጁ ያለጊዜው መጥቶ 1,350 ግራም ነው። ማሞቂያዎቹ በሙሉ ተይዘዋል። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባል አለ፣ ጨቅላውን እርቃኑን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ደረት ላይ ለጥፎ ቀንና ሌሊት መያዝ ነው፣ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ ቦጎታ ላይ ልክ እንደኛ ማሞቂያ ሲያጥራቸው ነው። ብዙ ጊዜ እናት ናት ምትይዘው። አባትየው "እኔ እይዘዋለሁ" አለ። ሸሚዙን አወለቀ፣ ልጁን ደረቱ ላይ አረግንለት፣ በጋቢው ጠቀለልናቸው። ሌሎቹ ወንዶች በር ላይ ቆመው ያዩታል፣ እሱ ቀና ብሎም አላያቸው። እጁ በጣም ትልቅ ነው፣ የልጁን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።

በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ "ዛሬስ ስንት ገባ?" ይለኛል፣ እንደ ገበያ። የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎው ወረደ፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው ብዬ ሳስረዳው ፊቱ አላመነኝም። ከዛ 20 ግራም ገባ፣ 25 ገባ፣ ሌላ ቀን 15 ብቻ ሲሆን "ሌሊት ተገላብጫለሁ መሰለኝ፣ በኔ ነው" አለ። በ27ኛው ቀን 1,760 ሆኖ እናቱ ተሽሏት ሶስት ሆነው ወጡ። ከአመት በኋላ በሁለት እግሩ እያስኬደ አመጣው፣ ምንም ሳይታመም፣ እንዳየው ብቻ።

ከፎገራም ከደሴቶቹም ብዙ ልጅ የሚመጣው እኛ ጋ ነው፣ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደሞ ሌላ የሚሄድበት የለውም። እኔ ሌላ ቦታ ብሆን ያንን ጋቢ ማን ይጠቀልል ነበር የሚለው ነው የማይለቀኝ።

ተማሪ ነኝ፣ ፔዲ ለኔ መሆኑን በምን ልወቅ?

ቀን ላይ ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) አይተህ አትወስን፣ ቀን ላይ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚሰማው። ጨቅላ ህፃናት ክፍል ሌሊት እደር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰአት ላይ፣ ሁሉም ፀጥ ሲል፣ አንድ አልጋ አጠገብ ቁም። ሰአትህን ያዝና ትንፋሽ ቁጠር፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ሰላሳ ሰከንድ ቆጥረህ በሁለት እንዳታባዛ ምክንያቱም የጨቅላ ትንፋሽ ፈጠን ይላል፣ ለትንሽ ሰከንድ ቆም ይላል፣ ከዛ ይቀጥላል። ስትጨርስ ፃፈው፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ሂድ። አስራ ሁለቱንም አልጋ ስትጨርስ ተመልሰህ የመጀመሪያውን ማየት ካማረህ ነገ ጠዋት መጥተህ አናግረኝ።